የዕለት ተዕለት ድምፆችን በኪስ መሣሪያ መቅዳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የበር መዝጊያ፣ ደረጃ ላይ የሚሰማ ኮቴ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ ጀበናም ሆነ ድስት ውስጥ የሚንተከተክ ውኃ፣ ማለዳ የሚጠረግ ግቢ። እነዚህን ለመቅዳት ስቱዲዮ አያስፈልግም፤ ኪስ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ፣ ጥቂት ዕውቀትና ብዙ ትዕግሥት ይበቃል። የሚከተሉት ጥያቄዎች ይህን ሥራ የሚጀምሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ቀላሉን ባጭሩ አልፌ ብዙዎች የሚቸገሩበትን ሰፋ አድርጌዋለሁ።

ተራ ድምፅ ቀድቶ ማስቀመጥ ምን ይረባል?

ድምፅ ሲጠፋ ማንም ልብ አይለውም። መደወያው የሚሽከረከር ስልክ፣ የጽሕፈት መኪና፣ ኮምፒውተር በስልክ መስመር ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ የሚያሰማው ጩኸት፣ ሁሉም በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከየቤቱና ከየቢሮው ወጥተዋል። ዕቃዎቹ ፎቶ አላቸው፤ አንዳንዶቹም ሙዚየም ገብተዋል። የአንድ ቢሮ፣ የአንድ ጸሐፊ መኪና ድምፅ ግን የሚገኘው ያኔ የቀዳው ሰው ካለ ብቻ ነው። ያደጉበት ቤት በር እንዴት ይንሲጠጥ እንደነበር እርስዎ ያስታውሱት ይሆናል፤ ለልጅዎ ግን በቃል ሊያሰሙት አይችሉም።

ሥራው የቆየ ታሪክ አለው። ጀርመን ውስጥ ሉድቪግ ኮክ የተባለ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1889 በኤዲሰን ፎኖግራፍ የሰም ጥቅል ላይ የወፍ ዝማሬ ቀድቷል፤ ከሚታወቁት የወፍ ድምፅ ቅጂዎች ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነው። ካናዳ ውስጥ ደግሞ የሙዚቃ ደራሲው አር መሪ ሼፈርና ባልደረቦቹ በሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ የቫንኩቨር ከተማን ደወል፣ የመርከብ ጥሩምባና የባሕር ዳርቻ ድምፅ እየዞሩ ቀድተው እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተሙት። በዚያን ጊዜ ቴፕ የሚያጠነጥን ከባድ መሣሪያ መሸከም ግድ ነበር። ዛሬ ያ ሸክም የለም፤ የቀረው ቆም ብሎ መስማት ነው።

ስልኬ ይበቃል?

ለመጀመር ይበቃል። ግን አንድ ነገር ይወቁ፦ ስልክ የተሠራው ከአፍ አጠገብ ያለን የሰው ንግግር አጥርቶ ለማስተላለፍ ነው። ስለዚህ ከንግግር ሌላ ያለውን ሁሉ እንደ ረብሻ ቆጥሮ ለማጥፋት ይሞክራል። ዝናቡን፣ የቅጠሉን ሹክሹክታ፣ የሩቁን መንገድ ሁካታ፣ ማለትም እርስዎ የፈለጉትን በሙሉ፣ የሚያደበዝዘው ይህ ነው። ከዚህም ሌላ ድምፁ ሲቀንስ በራሱ ከፍ፣ ሲጮህ በራሱ ዝቅ ያደርገዋል፤ ጸጥታው ሳይታሰብ እየተነፋ ይመጣል።

መፍትሔው በዋቭ ፋይል (ድምፁን ሳይጨምቅ እንዳለ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) የሚቀዳና ይህን ራስ-ሰር ማስተካከያ ለማጥፋት የሚፈቅድ አፕ መጠቀም ነው። አይፎን ላይ ከስልኩ ጋር የሚመጣውን ድምፅ መቅረጫ ከቅንብሩ ገብተው ጥራት ሳይቀንስ እንዲቀዳ ማድረግ ይቻላል። ከመቅዳትዎ በፊት ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት፤ ጥሪም መልእክትም አይገባም፣ ስልኩ ከኔትወርክ ጋር ሲነጋገር የሚፈጥረው ድርድርታም ቅጂው ውስጥ አይገባም። ማይኩ የት እንዳለ ይፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በታች ጠርዝ ባሉት ቀዳዶች ውስጥ ነው፣ በጣት የሚሸፈነውም እሱ ነው።

መሣሪያ ልግዛ ካልኩ ምን ልምረጥ?

በዝቅተኛው የዋጋ እርከን ብዙ ሰው የሚይዛቸው ዙም ኤች1ኤንና ታስካም ዲአር-05ኤክስ ናቸው። ሁለቱም ስቴሪዮ ማይክ አብሯቸው የተሠራ ነው፣ በዋቭ 24 ቢት ይቀዳሉ፣ በየሱቁ በሚገኝ ተራ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ። ልዩነታቸው ማይኮቹ ላይ ነው። የዙሙ ሁለት ማይኮች ተሻግረው ወደ ግራና ቀኝ ስለሚያነጣጥሩ ከፊት ያለውን ለይተው ይይዛሉ፤ የታስካሙ ደግሞ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ይሰማሉ። ለአንድ ነገር ቀርቦ ለሚቀዳ የመጀመሪያው፣ የቦታን አጠቃላይ ስሜት ለሚፈልግ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ያገለገለ መግዛትም ምንም አይደለም፤ ከመክፈልዎ በፊት ግን የጆሮ ማዳመጫ ሰክተው ቁልፎቹ ሲነኩ እንደማይንቋቋና የማይክ መሰኪያው እንዳልላላ ያረጋግጡ።

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ለእኔ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ የነፋስ መከላከያ፣ ቀጥሎ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ማዳመጫ፣ ከዚያ ትንሽ ትራይፖድ፣ ማለትም ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ። የተሻለ ማይክ ከነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ብዙ ሰው በግልባጩ ጀምሮ ውድ ማይክ ይዞ ነፋስ ብቻ ቀድቶ ይመለሳል።

ማይክ የመግዛቱ ጊዜ ሲደርስ የሚታየው ቁጥር የማይኩ የራሱ ጫጫታ ነው። ማንኛውም ማይክ ምንም በማይሰማበት ክፍል እንኳ ትንሽ ሽሽታ ያወጣል፤ መጠኑም የድምፅ መለኪያ በሆነው በዴሲቤል ይጻፋል፣ ሲያንስ ይሻላል። የጃፓኑ ፕሪሞ የሚሠራው ኢኤም272 የተባለ ትንሽ የማይክ እንክብል (ድምፁን የሚቀበለው የማይኩ ክፍል) ጫጫታው 14 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ይህ ብዙ እጥፍ ከሚያወጡ ማይኮች ጋር የሚወዳደር ቁጥር ነው። ብየዳ የሚችል ሰው ሁለቱን በሽቦ አያይዞ መቅረጫው ላይ መሰካት ይችላል፤ በትናንሽ አምራቾች ተሠርቶም ይሸጣል። ጥንቃቄ፦ እነዚህ እንክብሎች የሚሠሩት በትናንሾቹ መቅረጫዎች የማይክ መሰኪያ በሚመጣው ጥቂት ቮልት ነው። በትላልቅ መሣሪያዎች ላይ ያለው 48 ቮልት መቀነሻ ሳይኖር በቀጥታ ከደረሳቸው ይቃጠላሉ።

ደጅ የቀዳሁት ሁሉ ነፋስ ብቻ ነው፤ ምን ላድርግ?

ከሁሉ ይበልጥ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሊነሣም ይገባዋል።

ማይክ ላይ የሚሰማው የነፋስ ጉርምርምታ ከሩቅ የመጣ ድምፅ አይደለም። አየሩ ራሱ ማይኩ ውስጥ ያለውን ስስ ገለፈት እየገፋ የሚፈጥረው ነው። ስለዚህ ለጆሮዎ ጭራሽ የማይሰማ፣ ፊትዎን ብቻ ቀዝቀዝ የሚያደርግ አየር ቅጂውን ሊያበላሽ ይችላል። ገለፈቱ ከአቅሙ በላይ ከተገፋ በኋላ የተበላሸውን በሶፍትዌር መመለስ አይቻልም።

ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ስፖንጅ የተናጋሪን ትንፋሽ ያግዳል፤ ደጅ ግን ከለስላሳ አየር አያልፍም። የሚሠራው ረጅም ፀጉር ያለው ሽፋን ነው። ፀጉሩ ነፋሱን ቀስ በቀስ እየበታተነ ያደክመዋል፣ ድምፁን ግን ያሳልፋል። ሰው ሠራሽ ፀጉር ካለው ጨርቅ በእጅ መስፋት ይቻላል። ጨርቁን ሲመርጡ ጀርባውን አፍዎ ላይ አድርገው ይንፉበት፤ ትንፋሽዎ በቀላሉ ካለፈ ጥሩ ነው፣ ካላለፈ ከፍ ያሉትን ድምፆች ያፍናቸዋል። ሽፋኑ ማይኩ ላይ መለጠፍ የለበትም። በመካከል ረጋ ያለ አየር የሚቀመጥበት ክፍተት ያስፈልጋል፣ ግማሹን ሥራ የሚሠራውም ያ ክፍተት ነው።

ቦታ መምረጥም መከላከያ ነው። ከግድግዳ ወይም ከአጥር ኋላ፣ ወይም ዝቅ ብሎ መሬት አጠገብ ነፋሱ ይደክማል። መቅረጫው ዝቅተኛ ድምፆችን የሚቆርጥ ማጣሪያ ካለው 80 ኸርዝ ላይ ያብሩት፤ የቀረውን ጉርምርምታ ያቀለዋል። ግን ዝቅተኛ ድምፅ ራሱን ለመቅዳት ከመጡ፣ ለምሳሌ ነጎድጓድ ወይም የሩቅ ባቡር ከሆነ፣ ያጥፉት።

ነፋስን ራሱን መቅዳት ለሚፈልግ ደግሞ፦ ነፋስ የሚሰማው በሚነካው ነገር ነው። በቅጠሉ፣ በሽቦው፣ በመስኮቱ ፍንጭት። ማይኩ ነፋስ በማያገኘው ጥግ ይቀመጥና ወደ ዛፉ ይዙር።

ቅጂውን ከፍ ሳደርገው «ሽሽሽ» ይላል። ማይኬ ተበላሽቷል?

አልተበላሸም፤ ርቀዋል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ነፃ ነው፦ ይቅረቡ። ክፍት ቦታ ላይ ከአንድ ነጥብ ለሚወጣ ድምፅ ርቀቱን በግማሽ በቀነሱ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፣ የማይኩ ሽሽታ ግን ባለበት ይቆያል። ከ4 ሜትር ወደ 1 ሜትር መቅረብ ማለት 12 ዴሲቤል ማግኘት ነው፤ ይህን ያህል ልዩነት በገንዘብ ለመግዛት በጣም ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል። የሰዓት ምት፣ ገጽ ሲገለጥ፣ ጨርቅ ሲታጠፍ ከጥቂት ጣት ርቀት ሲቀዱ ርካሹም መሣሪያ ያስደንቃል። ሽሽታ ማጥፊያ ሶፍትዌር አለ፤ በልክ ካልተጠቀሙበት ግን ድምፁን ውኃ ውስጥ እንዳለ ያስመስለዋል። እኔ ትንሽ ሽሽታ ያለበትን ጤነኛ ቅጂ እመርጣለሁ።

የድምፁን መጠን የት ላይ ላድርገው?

ራስ-ሰር ማስተካከያውን ያጥፉና የሚጠብቁት ከፍተኛ ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ በእጅ ያስተካክሉ። ዲጂታል መለኪያ ላይ ዜሮ ጣሪያ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ተቆርጦ ይቀራል። 16 ቢት በጽንሰ ሐሳብ 96 ዴሲቤል፣ 24 ቢት ደግሞ 144 ዴሲቤል የሚያህል በደካማውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለ ስፋት ስላለው በ24 ቢት ዝቅ አድርጎ ቀድቶ በኋላ ከፍ ማድረግ አያስፈራም።

እንደ ዙም ኤች1 ኢሴንሺያል ያሉት አዳዲሶቹ በ32 ቢት ፍሎት፣ ማለትም እጅግ ደካማውንም እጅግ ከፍተኛውንም ድምፅ አብሮ በሚይዝ አቀዳድ፣ ስለሚቀዱ መጠን ማስተካከል አያስፈልጋቸውም። ለዝናብና ለነጎድጓድ ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ ማይኩ ራሱ ከአቅሙ በላይ ሲጮህበት የሚፈጠረውን መሰባበር አያድነውም፤ ነፋስንም አይከላከልም።

በየትኛው የፋይል ዓይነት ልቅዳ?

ዋቭ፣ 48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና)፣ 24 ቢት። በስቴሪዮ በደቂቃ 17 ሜጋባይት፣ በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ 32 ጊጋባይት ካርድ 30 ሰዓት ያህል ይቀዳል። ኤምፒ3 ጆሮ አይለየውም ብሎ የጣለውን ነገር በኋላ ማንም አይመልሰውም። ለወዳጅ ለመላክ ጊዜው ሲደርስ ከዋቩ ኤምፒ3 ማውጣት ይቻላል።

ምን ያህል ደቂቃ ልቅዳ?

ይበቃል ካሉት በኋላ ትንሽ ቆዩ ብዬ ነው የምመልሰው። አንድ ነጠላ ድምፅ፣ ለምሳሌ የመሳቢያ መዘጋት፣ አምስት ስድስት ጊዜ ተደጋግሞ በመካከሉ ጸጥታ ቢኖረው ይበቃል። ቦታን ለመቅዳት ግን ከአሥር ደቂቃ በታች ለእኔ ገና ጅምር ነው።

ምክንያቱ እርስዎ ነዎት። ሰው አንድ ቦታ ሲደርስ ቦታው ይለወጣል። ወፎች ዝም ይላሉ፣ ነፍሳት ያቆማሉ፣ ልጆች ጨዋታቸውን ትተው መሣሪያውን ያያሉ። ሁሉም ወደ ነበረበት የሚመለሰው ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ነው። የቅጂው ምርጥ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ የሚገኘው ለዚህ ነው። ስለዚህ መቅረጫውን ትራይፖድ ወይም ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ በማዳመጫ አረጋግጠው፣ ከተቻለ ራቅ ብለው ይቀመጡ። አጠገቡ መቆየት ካለብዎት ሲራመዱ የሚንሿሿ ጃኬት አይልበሱ፤ ቁልፍና ሳንቲም ከኪስዎ ያውጡ፤ የሰውነትን ክብደት ከእግር እግር ማዛወር እንኳ ጠጠር ላይ ይሰማል። በእጅ ይዞ መቅዳት ከሁሉ የባሰ ነው፤ የጣት መንሸራተት በቅጂው ውስጥ እንደ ናዳ ይሰማል።

ድምፁ አለቀ ብለው ቁልፉን ለመጫን ሲነሡ ደግሞ ጥቂት ይታገሡ። የአንድ ድምፅ ጅራት፣ ደወል ከተመታ በኋላ በአየሩ ላይ የሚቀረው ወይም ባቡር ካለፈ በኋላ ሐዲዱ የሚያሰማው፣ ብዙ ቅጂ ላይ ተቆርጦ ሳየው ያሳዝነኛል።

መቼ መቅዳት ይሻላል?

ንጋት ላይ። መኪናው ጥቂት ነው፣ ነፋሱም ገና አልተነሣም፣ ወፎች የሚበረቱትም ያኔ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። ሌሊቱ ጥርት ብሎ ካደረ መሬት አጠገብ ያለው አየር ከላይኛው ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ ድምፅ ወደ ሰማይ ከመሄድ ይልቅ ወደ መሬት ስለሚታጠፍ ሩቅ ይደርሳል። በቀን የማይሰማ የሩቅ ደወል ንጋት ላይ ይሰማል፤ የሩቁ አውራ ጎዳናም እንዲሁ።

ስቴሪዮ ቅጂዬ ጠፍጣፋ ሆነብኝ። ማይኮቹን የት ላስቀምጥ?

ሁለት የተነጠሉ ትናንሽ ማይኮች ካሉዎት የሰው ጆሮ በሚራራቅበት መጠን፣ ከ17 እስከ 20 ሴንቲሜትር፣ ያራርቋቸው፤ በመካከላቸውም የሚጋርድ ነገር ይኑር። ቀጭን የዛፍ ግንድ ግራና ቀኝ ማሰር ግሩም ውጤት ይሰጣል። የራስዎ ጭንቅላትም ይሆናል፤ ማይኮቹን ባርኔጣ ጠርዝ ላይ በጆሮዎ ትይዩ ቢያያይዟቸው በማዳመጫ የሚሰማ ሰው ከኋላው የሚመጣውን እርምጃ ዞሮ ያያል። አብሮ የተሠራ ማይክ ብቻ ካለዎት አንዱን ድምፅ በሦስት ርቀት ይቅዱት፦ አጠገቡ ሆነው፣ ከክፍሉ ማዶ፣ ከዚያም ከተዘጋ በር ውጭ። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ታሪኮች ናቸው።

ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣው፣ ማራገቢያውና የኮምፒውተሩ ጉርምርምታ ይጥፉ። ማቀዝቀዣውን መልሶ መሰካት እንዳይረሳ የመኪና ቁልፍን እዚያው ውስጥ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ፤ ይሠራል።

ጆሮ የማይደርስበትን ድምፅ መቅዳት ይቻላል?

ይቻላል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ፒየዞ የሚባለው ስስ የብረት ክብ ከአየር ሳይሆን ከነካው ነገር ንዝረት ድምፅ ይወስዳል። የብረት አጥር፣ የውኃ ቧንቧ፣ የድልድይ መደገፊያ ላይ አጥብቀው ሲያስሩት ከውጭ ዝም ያለው ነገር ውስጡ በዝማሬ የተሞላ ሆኖ ይገኛል። በቀጥታ ወደ መቅረጫ ሲሰካ ድምፁ ቀጭን የሚሆነው ፒየዞ በተራ የማይክ መሰኪያ ላይ ዝቅተኛውን ድምፅ ስለሚያጣ ነው፤ 1 ሜጋኦም አካባቢ የመግቢያ ተቃውሞ ያለው ትንሽ ማጉያ በመካከል ሲገባ ይስተካከላል።

የሽቦ ጥቅልል ያለው ማይክ ደግሞ ከኤሌክትሪክ ዕቃዎች የሚወጣውን የኤሌክትሮማግኔት መስክ ወደ ድምፅ ይለውጣል። የስልክ ቻርጀር፣ የኮምፒውተር ስክሪን፣ የመብራት ማደብዘዣ እያንዳንዱ የራሱ ዜማ አለው። ወደ ባዶ የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን በፍጹም አያስጠጉት።

ሰዎች በቅጂው ውስጥ ከገቡስ?

የገበያ ወይም የአውቶቡስ ፌርማታ ሁካታ፣ ቃሉ የማይለይ ከሆነ፣ ብዙም አያስቸግርም። የአንድ ሰው ንግግር ከተለየ ግን ያስፈቅዱ፤ ካልፈቀደ ፊቱ ሆነው ያጥፉት። ሰው ሳያውቅ ወሬውን መቅዳት በብዙ አገር ሕግም ይከለክለዋል፤ ሕግ ባይኖርም አይገባም። መቅረጫውን ደብቆ መያዝ አልወድም፤ በግልጽ ሲታይ ሰዎች ይጠይቃሉ፣ ሲገባቸውም የተሻለ ድምፅ ያለበትን ቦታ ራሳቸው ያሳያሉ። በሱቅ ውስጥ ወይም በመኪና የሚሰማ ሙዚቃ የባለቤት መብት አለበት፤ ቅጂውን ለሕዝብ የሚለቁት ከሆነ ያ ክፍል ይውጣ። ወታደራዊ ቦታ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ፍርድ ቤትና የመሳሰሉት ፈቃድ ይጠይቃሉ።

ቀድቼ ስመለስ ምን ላድርግ?

በዚያው ቀን ያዳምጡት፤ ትዝታው ሳይደበዝዝ። እንዲያውም ገና እዚያው ሳሉ የማቆሚያ ቁልፉን ከመጫንዎ በፊት በራስዎ ድምፅ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የአየሩን ሁኔታና የተጠቀሙበትን ማይክ ቅጂው መጨረሻ ላይ ይናገሩ። የፋይሉን ስም በዓመት፣ በወርና በቀን ጀምረው በቦታና በድምፁ ዓይነት ይጨርሱት፤ ኮምፒውተሩ በራሱ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድርልዎታል። የጊዜና የቦታ መረጃ የሌለው ቅጂ ከዓመታት በኋላ ለባለቤቱም እንግዳ ነው። ዋናውን ፋይል ሳይነኩ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ያስቀምጡ፤ ቢቻል አንዱ ሌላ ቤት ይሁን።

ለማረም ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል። ድምፁን በምስል የሚያሳየውን ስፔክትሮግራም ይክፈቱ፤ ጆሮ ያለፈው የኤሌክትሪክ ጉርምርምታ ታች ላይ አግድም የተሰመረ መስመር ሆኖ ይታያል። መጀመሪያና መጨረሻውን ማለዘብ፣ መጠኑን ማስተካከል፣ ከዚያ መተው።

ለሌሎች ማካፈል ብፈልግስ?

ባርሴሎና በሚገኘው ፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው ፍሪሳውንድ ማንም ሰው ድምፅ የሚሰጥበትና የሚወስድበት ትልቅ ክምችት ነው። ሲያስገቡ ሥራዎን ሌሎች እንዴት እንዲጠቀሙበት እንደፈቀዱ ከሚገልጹት የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች አንዱን ይመርጣሉ፦ ያለ ምንም ግዴታ፣ ስምዎ እንዲጠቀስ፣ ወይም ስምዎ እየተጠቀሰ ለንግድ እንዳይውል። ያለ ምንም ግዴታ የለቀቁትን በኋላ መሰብሰብ ስለማይቻል ሳይቸኩሉ ይምረጡ። መግለጫው ላይ የተቀዳበትን መሣሪያ፣ ርቀቱንና ሰዓቱን ይጻፉ፤ «ዝናብ» ብቻ የሚል ርእስ ያለው ድምፅ በሺዎች መካከል ይሰወራል፣ «ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚያካፋ ዝናብ፣ ከክፍሉ ውስጥ የተቀዳ፣ ሌሊት» የሚለውን ግን የሚፈልገው ሰው ያገኘዋል።